ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ወደ ቀኝ ይስባል፣ ጉድጓድ ሲመታም መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ከየት ልጀምር?

ሾፌር ዘማርቆስ

ሰላም ለሁላችሁ። የምነዳው ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ነው፣ ኤችዜድጄ 78። ፊቱ በስፕሪንግ፣ ኋላው በባሌስትራ የቆመ ነው። ሥራችን ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ ሮብ ገበያ፣ ጮቄ፣ ድጓ ጽዮን ነው። አብዛኛው ኮረኮንች ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃው ይጨመርበታል።

ችግሬ ሁለት ነው። አንደኛው፣ አስፋልት ላይ መሪውን ላላ ካደረግሁት መኪናው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ስነዳ ግራ ትከሻዬ ይዝላል። ሁለተኛው፣ ከ70 በላይ እየሄድኩ ጉድጓድ ወይም የድልድይ መጋጠሚያ ከመታሁ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ፍጥነት ካልቀነስኩ አያቆምም። ያን ጊዜ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይደነግጣል።

አንድ ጋራዥ አላይመንት ሠራለት። ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ የመሪው ሳጥን ይቀየር እያሉኝ ነው። ዋጋው ከባድ ነው። ለመሥሪያ ቤቱ ጥያቄ ከመጻፌ በፊት የምታውቁ ብትመክሩኝ።

መካኒክ ባህር ዳር

ሰላም ወንድሜ። የመሪውን ሳጥን ለጊዜው አትንካው። አርጅቶ ሊሆን ይችላል፤ ግን ከነገርከን ውስጥ ወደ እሱ የሚያመለክት ነገር አላየሁም። ሳጥን ሲያልቅ መሪው ባዶውን ይዞራል። ትንሽ ታዞራለህ፣ ጎማው ግን አይከተልህም። ወደ አንድ ጎን መሳብ ሌላ በሽታ ነው።

በመጀመሪያ ሁለቱን ችግሮች ለያይተህ ያዛቸው። ምክንያታቸው አንድ ሊሆን ይችላል፤ ግን አንድ ነው ብለህ ከተነሳህ ግማሹን ሳታየው ታልፋለህ።

እነዚህን መልስልኝ። የሚስበው ፍሬን ስትይዝ ነው ወይስ ሁልጊዜ? ነዳጅ ስትሰጠውና ስትለቀው አቅጣጫው ይቀያየራል? ባዶውንም ተጭኖም ያው ነው? ቀስ በቀስ መጣ ወይስ በአንድ ቀን? ጎማዎቹስ የተበሉት በየት በኩል ነው?

እያንዳንዷ ጥያቄ መንገድ ትቆርጥልሃለች። ፍሬን ስትይዝ ብቻ ከሳበ ፍሬኑን ነው የምናየው። ነዳጅ ስትሰጠው ወደ አንድ ጎን፣ ስትለቀው ወደ ሌላው ከሄደ የኋላ አክስሉ ቦታውን እየለቀቀ ነው፤ የባሌስትራ ጎሚኒ (መጋጠሚያው ውስጥ ያለው ላስቲክ) እና ዩ-ቦልት (አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስረው ብሎን) ይታያል። ሁልጊዜ ከሆነ ጎማ፣ ያልለቀቀ ፍሬን ወይም የአክስሉ አቀማመጥ ነው። በአንድ ቀን ከመጣ ደግሞ የታጠፈ ወይም የተሰበረ ነገር ፈልግ።

ጎሚስታ ቡሬ

ከሁሉ በፊት ጎማ። እዚህ ቡሬ ላይ "መኪናዬ ይስባል" ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። ብዙዎቹ ፊት ላይ የተለያየ ጎማ ይዘው ነው የሚመጡት። አንዱ አዲስ፣ አንዱ ያለቀ። አንዱ የጭቃ ጥርስ ያለው፣ አንዱ የአስፋልት። አክስሉ ላይ ያሉት ሁለቱ ጎማዎች ማርካቸውም፣ መጠናቸውም፣ ጥርሳቸውም እኩል ይሁን።

ንፋሱን ጠዋት ለካ፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ። ሲሞቅ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ያታልልሃል። ስንት መሆን እንዳለበት በሹፌር በር ምሰሶ ላይ ያለው ወረቀት ይነግርሃል።

ከዚያ የፊት ግራውን ወደ ቀኝ፣ የፊት ቀኙን ወደ ግራ ቀይርና ያንኑ መንገድ ንዳ። መሳቡ ወደ ግራ ከዞረ ጎማው ነው፣ ሌላ ነገር አትፈልግ። ራዲያል ጎማ ውስጡ ያለው ሽቦ ከተጣመመ ላዩ ደህና መስሎ መኪናውን ይጎትታል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጎማው ጎን ላይ የመዞሪያ ቀስት ካለበት ወደ ሌላው ጎን ሲሄድ ከቸርኬው ወጥቶ መገልበጥ አለበት።

ጮቄ መንገደኛ

መንገዱንም አስብ። ውኃ እንዲፈስ ተብሎ አስፋልት መሃሉ ከፍ፣ ዳሩ ዝቅ ይላል። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ማንኛውም መኪና ትንሽ ወደ ቀኝ ይወርዳል። ያ ጤነኛ ነው። መንገዱ ባዶ ሲሆንና ሩቅ ሲታይህ ለአፍታ ወደ ግራው ግማሽ ውጣ። እዚያ ወደ ግራ ካዘነበለ መንገዱ ነው። እዚያም ወደ ቀኝ ከሄደ መኪናው ነው።

ከመራዊ ወደ ባህር ዳር ያለው ሜዳ ለዚህ ጥሩ ነው። ዓባይ በረሃ ላይ ግን አትሞክረው። ከደጀን ቁልቁል ያለው አስፋልት መሬቱ እየተንሸራተተ ሞገድ ሠርቷል። እዚያ ጤነኛውም መኪና ይወዛወዛል።

የአውቶ መምህር ፍኖተ ሰላም

ስለ አላይመንቱ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው።

የዚህ መኪና ፊት ድፍን አክስል ነው፤ ግራና ቀኙ ጎማ በአንድ ወጥ ብረት ላይ ነው ያለው። ፋብሪካ እንደሠራው ከሆነ አላይመንት ቤት ሊያስተካክል የሚችለው ቶውን ብቻ ነው፤ ማለትም ሁለቱ ጎማዎች ከፊት በኩል ምን ያህል እንደተቀራረቡ። ቶ የሚስተካከለው ታይሮዱን (ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያገናኘውን የመሪ ዘንግ) በማሳጠርና በማስረዘም ነው። የቶ መበላሸት ደግሞ ጎማ ይበላል፣ መኪናውን ያቅበዘብዛል፤ ወደ አንድ ጎን ግን አይስብም። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ዘንግ ስለታሰሩ ስህተቱን ይካፈሉታል። ስለዚህ ቶ ተስተካክሎ መሳቡ አለመለወጡ የሚገርም አይደለም።

የሚስቡት ካስተርና ካምበር ናቸው። ካስተር ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ከላይ ወደ ኋላ ያለው ማዘንበል ነው። መሪው ከመታጠፊያ በኋላ ራሱ እንዲመለስ የሚያደርገው እሱ ነው። የግራና የቀኙ ካስተር ሲለያይ መኪናው ካስተሩ ወዳነሰበት ጎን ይሄዳል። ካምበር የጎማው ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ማዘንበል ነው። መኪናው ጎማው ከላይ ይበልጥ ወደ ውጭ ወዳዘነበለበት ጎን ይስባል።

በድፍን አክስል ላይ እነዚህ ከተለያዩ አክስሉ ታጥፏል፣ ወይም ጎሚኒዎቹ አልቀዋል፣ ወይም ናክሉ (ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚታጠፍበት የአክስሉ ጫፍ) ውስጥ ያሉት ኩሽኔታዎች ልል ሆነዋል። መኪናው ከፍ ብሎ ከሆነ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ረጅም ስፕሪንግ ሲገባ አክስሉ ወደ ፊት ይዞራል፣ ካስተሩ ይቀንሳል። ያን ጊዜ መሪው ቀላል ይሆናል፣ መኪናው ግን መንገድ አይዝም። ስፕሪንግህ የፋብሪካው ነው?

እንጅባራ አራት ጎማ

ለመንቀጥቀጡ የመሪውን ሾክ ቀይር። የእኔም እንደዚያ ያደርግ ነበር፣ ሾኩን ስቀይር ቀጥ አለ። ርካሽ ነው፣ በሁለት ብሎን ነው የሚታሰረው።

ሌላም ነገር። አንዳንድ ሾፌር ከጭቃ ወጥቶ አስፋልት ሲይዝ አራቱን ጎማ ሳያላቅቅ ይነዳል። ይሄ መኪና መሃል ላይ ዲፈረንሻል የለውም። ደረቅ አስፋልት ላይ በኤች ፎር (አራቱም ጎማ እየነዳ) ከታጠፍክ መሪው ይከብዳል፣ ጎማው ይፋጫል፣ ማርሹም ይጎዳል። መሪህ መታጠፊያ ላይ ከከበደህ ማርሹንም የጎማ መሃል ሎኮችንም (የፊት ጎማዎቹን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዙትን) እይ።

መካኒክ ባህር ዳር

እንጅባራ ወንድሜ፣ የኤች ፎሩን ነገር በደንብ ተናገርከው። በመሪ ሾኩ ላይ ግን አልስማማም። ሾክ መንቀጥቀጥን ያፍናል እንጂ አያድንም። የላላው ነገር እዚያው ላልቶ ይቀጥላል፣ ሾፌሩ ግን አይሰማውም። እኔ ጋ የሚመጡት አንዳንዶቹ አዲስ ሾክ ገብቶላቸው፣ ታይሮዳቸው በእጅ የሚነቃነቅ ነው። ያ መኪና ሰው ጭኖ ጮቄ መውጣት የለበትም።

እንጅባራ አራት ጎማ

የፈሰሰ ሾክ ይቀመጥ አላልኩም እኮ። የእኔ ዘይት አፍስሶ ባዶ ነበር።

የአውቶ መምህር ፍኖተ ሰላም

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ያፈሰሰ ሾክ ይቀየራል። ግን የሚቀየረው ሌላው ሁሉ ተፈትሾ ሲያልቅ ነው። እንዲያውም ለፍተሻ ብለን ሾኩን አውጥተን ቀስ ብለን ብንነዳ ልል የሆነው ነገር ቶሎ ይገለጣል።

ሾፌር ዘማርቆስ

እግዜር ይስጥልኝ። ጎማዎቹን ቀያይሬ ሞከርኩ፣ መሳቡ ያው ወደ ቀኝ ነው። ጎማዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ንፋሱም እኩል ነው። በመንገዱ በግራ በኩልም ስሄድ ወደ ቀኝ ይስባል። ስፕሪንጉ የፋብሪካው ነው፣ አልተነሳም። ችግሩ ቀስ በቀስ ነው የመጣው።

አንድ ያስተዋልኩት ነገር አለ። ፍሬን ስይዝ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ግራ ይላል። ስለቅ ደግሞ ወደ ቀኝ ይመለስና ከበፊቱ የባሰ ይስባል። ትንሽ ከሄድኩ በኋላ ይቀንሳል። ይሄ ምን ማለት ነው?

መካኒክ ባህር ዳር

ይሄንን ማስተዋልህ ትልቅ ነገር ነው። የቀኙ ፍሬን የላስቲክ ቱቦ ውስጡ ያበጠ ይመስለኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የፍሬን ዘይት የሚወስደው የላስቲክ ቱቦ ሲያረጅ ውስጡ ይላጣል፣ መንገዱ ይጠባል። ስትረግጥ ዘይቱ ቀኙ ጋ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ስለዚህ ግራው ቀድሞ ይይዝና ወደ ግራ ያጋድልሃል። ስትለቅ ደግሞ ዘይቱ ቶሎ መመለስ ያቅተዋል። ቀኙ እንደያዘ ይቆያል፣ ወደ ቀኝ ይጎትትሃል። ቱቦው ከውጭ ሲታይ ግን አዲስ ሊመስል ይችላል።

እንዲህ አረጋግጥ። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፍ። ፊቱን በክሪክ አንሳና ማስቀመጫ ብረት ወይም ጠንካራ ግንድ ከአክስሉ ሥር አስገባ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ፣ እጁንም አይስደድ። ማርሹን ባዶ አድርግ፣ የፊት ሎኮቹንም ነጻ አውጣ። ቀኙን ጎማ በእጅህ አሽከርክር፣ ይዞራል። አሁን ሌላ ሰው ፍሬን ረግጦ ይልቀቅ። ወዲያው አሽከርክር። ከያዘ የካሊፐሩን (የፍሬን ሸራውን የሚጨብጠውን ክፍል) አየር ማስወጫ ትንሽ ፍታው። ዘይት ፈንጠቅ ብሎ ጎማው ከተለቀቀ ቱቦው ነው። ዘይቱ ወጥቶም ጎማው እንደያዘ ከቀረ ፒስተን ነው የደረቀው። በዚህ ካሊፐር አራት ፒስተን አለ፣ በየጎኑ ሁለት። አንዱ ሲደርቅ የፍሬን ሸራው በአንድ ጫፍ ወይም በአንድ ገጽ ብቻ ያልቃል። ሸራዎቹን አውጥተህ አወዳድራቸው።

ሙቀትም ይናገራል። ሜዳ መንገድ ላይ ፍሬን ብዙ ሳትይዝ ንዳና ቁም። መዳፍህን ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጋ፣ አትንካ። የቀኙ ከግራው በጣም የሞቀ ከሆነ ፍሬኑ አልለቀቀም። ይሄን ሙከራ ወደ ዓባይ ድልድይ ከወረድክ በኋላ አታድርገው። እዚያ ቁልቁለቱ አራቱንም ያነዳቸዋል፣ የሚለይ ነገር አታገኝም።

ጮቄ መንገደኛ

ቱቦው ከሆነ ሁለቱንም ጎን በአንድ ጊዜ ቀይር። እኩል ነው ያረጁት። ዘይቱንም አድስ። ጮቄ ላይ እርጥበቱ ብዙ ነው፣ የፍሬን ዘይት ደግሞ ውኃ ይስባል።

የቢቸና ልጅ

ይቅርታ፣ መሃል ገባሁባችሁ። እኔ ሃይሉክስ ቪጎ ነው የምነዳው። የግብርና ባለሙያ ነኝ፣ ከቢቸና እስከ ደብረ ወርቅ ገጠሩን እዞራለሁ። መሬቱ መረሬ ነው፣ ሲደርቅ ስንጥቁና ጉብታው መኪና ይሰብራል። የእኔ ወደ ግራ ይስባል። የፊት ግራ ጎማው ከውስጥ በኩል ብቻ እየተበላ ነው። ከፊት ቆሜ ሳየውም መኪናው ወደ ግራ ያዘነበለ ይመስላል። የተናገራችሁት ለእኔም ይሠራል?

የአውቶ መምህር ፍኖተ ሰላም

እህታችን፣ ግማሹ ይሠራል። ጎማና ፍሬን ለሁሉም መኪና አንድ ነው። የቀረው ይለያል። የአንቺ መኪና ፊቱ ድፍን አክስል አይደለም። ግራና ቀኙ ለየብቻ የሚንቀሳቀስ ነው፤ የላይ ክንድ፣ የታች ክንድና ቦል ጆይንት (ክንዱን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ክብ መጋጠሚያ) አለው። ስለዚህ ካምበሩም ካስተሩም ይስተካከላል፤ የታችኛው ክንድ ብሎኖች ላይ ማስተካከያ አለ።

መጀመሪያ ሜዳ ላይ አቁሚውና ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ በሜትር ለኪ። ግራና ቀኙን አወዳድሪ። ግራው ዝቅ ካለ ስፕሪንጉ ደክሟል ወይም ተሰብሯል። ከታች በኩል ያለው ጥምዝ ብዙ ጊዜ በጭቃ ተሸፍኖ ስብራቱ አይታይም፣ አጥበሽ እዪው። ያ ጎን ሲወርድ ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ውስጡ የሚበላው ለዚህ ነው። የታችኛው ክንድ ጎሚኒ ሲያልቅም ተመሳሳይ ነገር ይመጣል።

አሁን ከሁሉም የምፈራልሽ የታችኛውን ቦል ጆይንት ነው። የመኪናው ክብደት ያለው እሱ ላይ ነው። አልቆ ከወጣ ጎማው ይታጠፋል፣ መኪናው አፍንጫውን መሬት ይተክላል። ስትፈትሹት ክሪኩን ከሻንሲው ሥር ሳይሆን ከታችኛው ክንድ ሥር አስገቡት፣ ወደ ጎማው በጣም አስጠግታችሁ። እንዲህ ሲሆን ቦል ጆይንቱ ከክብደቱ ይገላገላል፣ ልልነቱም ይታያል። ከሻንሲው ካነሳችሁት ስፕሪንጉ ክንዱን ወደ ታች ስለሚገፋው ያለቀው ጆይንት ጥብቅ መስሎ ያታልላችኋል። ከዚያ ረጅም ብረት ከጎማው ሥር አስገብታችሁ ወደ ላይ ግፉ። ጆይንቱ ላይ ዓይን ይኑር። ጎሚኒ ካፑ ተቀዶ ጭቃ ገብቶበት ከሆነ ልልነቱ ሳይመጣም ቀይሩት።

ይህ ሳይታይ አላይመንት አታሠሪ። ሳምንት አይቆይም።

የቢቸና ልጅ

እግዚአብሔር ያክብርልኝ መምህር። ነገ ገጠር መውጣት ነበረብኝ፣ አስቀርቼ አስፈትሸዋለሁ።

ጮቄ መንገደኛ

ያልተነሳ አንድ ነገር አለ፣ የኋላው አክስል። ባሌስትራውን መሃል ላይ የሚይዘው ብሎን ሲቆረጥ ወይም ዩ-ቦልቱ ሲላላ አክስሉ በአንድ ጎን ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ያን ጊዜ መኪናው ጎኑን ሰጥቶ ነው የሚሄደው። መሪህን ጠምዝዘህ ቀጥ ትላለህ።

ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም። መሪውን ቀጥ አድርገህ ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል በግራም በቀኝም ለካ። እኩል መሆን አለበት። ክረምት ላይ ደግሞ ለስላሳ ጭቃ ላይ ቀጥ ብለህ ሂድና ወርደህ ዱካውን ተመልከት። የኋላው ዱካ ከፊተኛው ወደ አንድ ጎን ብቻ ከወጣ አክስሉ ዞሯል። በሞጣ መስመር በድንጋይ መንገድ ሙሉ ጭነት የሚጭኑ መኪናዎች ላይ ይሄ ይታያል። ዩ-ቦልት ከተፈታ በኋላ ደግሞ ጥቂት ነድቶ እንደገና ማጥበቅ ግድ ነው።

ሾፌር ዘማርቆስ

ወንድሞቼ፣ የቀኙ ቱቦ ነበር! አየር ማስወጫው ሲፈታ ዘይቱ ፈነጠቀና ጎማው ወዲያው ተለቀቀ። ቱቦውን ቆርጠን ስናየው ውስጡ መርፌ የማያሳልፍ ሆኗል። ሁለቱንም ቀየርን፣ ዘይቱንም አደስን። ከማርቆስ ደምበጫ ሄጄ ተመለስኩ። አሁን ወደ ቀኝ የሚሄደው የመንገዱን ያህል ብቻ ነው፣ በመንገዱ ግራ ሲሆን ወደ ግራ ይሄዳል። የኋላ አክስሉን ለካሁት፣ እኩል ነው።

መንቀጥቀጡ ግን አለ። ምንም አልቀነሰም።

መካኒክ ባህር ዳር

ጎሽ። እንግዲህ አንዱ ወጣ። አሁን ወደ ሁለተኛው።

ድፍን አክስል ያለው መኪና ጉድጓድ መትቶ ሲንቀጠቀጥ የሆነ ቦታ ልልነት አለ ማለት ነው። ጎማ ባላንስ ያላገኘ ከሆነ መነሻ ይሰጠዋል፣ ልልነቱ ግን ያሳድገዋል። ስለዚህ ባላንሱን አሠራና ልልነቱን ፈልግ።

ለዚህ ጎማው መሬት ላይ ሆኖ ነው የምትሠራው። ማርሽ ባዶ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ተደግፈው። ሞተሩ ይነሳ። ሌላ ሰው መሪውን ወደ ግራና ቀኝ በፍጥነት፣ ግን በትንሹ ያነቃንቅ። አንተ ከጎን ሆነህ እይ። በየመጋጠሚያው ላይ እጅህን አሳርፍ፣ ግማሹ ጣት አንዱን ብረት፣ ግማሹ ሌላውን እንዲነካ። ልል የሆነው መጋጠሚያ ጣትህ ላይ ይታወቃል፣ ዓይን ያላየውን እጅ ያገኘዋል። ከመሪው ሳጥን ጀምር። ሳጥኑ ሻንሲው ላይ የታሰረበትን እይ፣ እዚያ ላይ ሻንሲው የሚሰነጠቅበት ጊዜ አለ። ቀጥሎ ከሳጥኑ ወደ ጎማ የሚወርደውን ዘንግ፣ ከዚያ ታይሮዱን በሁለቱም ጫፍ።

ከዚያ ፓናርዱን። አክስሉን ወደ ጎን የሚይዘው አግድም ዘንግ ማለቴ ነው፣ አንድ ጫፉ ሻንሲ ላይ፣ አንድ ጫፉ አክስሉ ላይ የታሰረ። መሪው ሲነቃነቅ ሻንሲው ከአክስሉ ተነጥሎ ወደ ጎን ከሄደ የፓናርዱ ጎሚኒ አልቋል፣ ወይም የብሎኑ ቀዳዳ ሰፍቶ ሞላላ ሆኗል። ቀዳዳው ከሰፋ አዲስ ጎሚኒ ብቻ አይበቃም። እንደ ግምቴ ያንተ እዚህ ነው።

የአውቶ መምህር ፍኖተ ሰላም

ከዚያ በኋላ ጎማውን አንስተህ ፈትሽ። እጅህን ከላይና ከታች አድርገህ ነቅንቅ። ልልነት ካለ የጎማው ኩሽኔታ ነው ወይም የናክሉ። ለመለየት ሰው ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲያዝ ልልነቱ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው። ካልጠፋ የናክሉ ነው። እጅህን ከግራና ከቀኝ አድርገህ ስትነቀንቅ ብቻ ከሆነ ደግሞ የታይሮድ ጫፍ ነው።

ሾፌር ዘማርቆስ

ፈተሽነው። የመሪው ሳጥን ጥብቅ ነው። ታይሮዱ ደህና ነው። የፓናርዱ የሻንሲ በኩል ጎሚኒ ግን አልቆ ብረት ከብረት ነበር የሚነካካው። እግዜር ይስጥልን፣ ቀዳዳው አልሰፋም። ጎሚኒው ተገኝቷል፣ ነገ ይገባል።

በተጨማሪ የፊት ግራው ከላይና ከታች ሲነቀነቅ ትንሽ ይላላል። ፍሬን ተይዞም አልጠፋም። ከናክሉ በታች ደግሞ ቀጭን ጥቁር ግሪስ ወርዶ ጎማው ላይ ደርቋል።

መካኒክ ባህር ዳር

ጎሚኒው ሲገባ አንድ ነገር ንገራቸው። ብሎኑን መኪናው ተነስቶ እያለ እስከ መጨረሻው አያጥብቁት። በእጅ ያስገቡት፣ መኪናውን በጎማው መሬት ላይ ያውርዱትና ከዚያ ያጥብቁ። ተነስቶ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠማዞ ይቀራል፣ ቶሎ ይቀደዳል። የፊት ክንዶቹ ጎሚኒም እንደዚሁ ነው። ብዙ ጋራዥ ይህን አያደርግም፣ ከዚያ "ጎሚኒው ፎርጅድ ነው" ይባላል።

የግራው ናክል መከፈት አለበት። ግሪሱ ቀጥኖ መውረዱ የአክስሉን የውስጥ ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን ላስቲክ) አልፎ የዲፈረንሻል ዘይት ከግሪሱ ጋር እየተቀላቀለ መሆኑን ያሳያል። የዲፈረንሻሉን ዘይት ልክ እይ፣ ጎድሎ ይሆናል። የአክስሉ መተንፈሻ ቱቦም በጭቃ ተዘግቶ እንደሆነ እይ። ከተዘጋ አክስሉ ሲሞቅ ዘይቱን በሲሉ በኩል ይገፋዋል፣ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ውኃ ይስባል።

ናክሉ ሲከፈት የላይና የታች ኩሽኔታዎቹን ያውጡ። የሚቀመጡበት ቀለበት ላይ በመሃል የተጎደጎደ መስመር ካለ ኩሽኔታውም ቀለበቱም አንድ ላይ ይቀየር። ቀጫጭን ስፔሰሮች አሉ፣ ጥብቀቱን የሚወስኑት እነሱ ናቸው፤ ከላይ የነበረው ወደ ታች እንዳይሄድ ለይታችሁ አስቀምጡ። ጥብቀቱ ታይሮዱ ተፈትቶ በመሳቢያ ሚዛን ይለካል፣ ቁጥሩ የመኪናው የጥገና መጽሐፍ ላይ አለ። በግምት የሚያጠብቅ ሰው አይሥራልህ። ከላላ መንቀጥቀጡ ይመለሳል፣ ከጠበቀ መሪው ከመታጠፊያ አይመለስም።

እንጅባራ አራት ጎማ

የጎማ መሃሉን ዳዶ ደግሞ በመዶሻና በብረት እየመቱ እንዳይፈቱብህ። እንደዚያ የተፈታ ዳዶ ጥርሱ ይጠፋል፣ ብናኙም ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል። 54 ቁጥር ቡሽላ (የዳዶ መፍቻ) ነው የሚያስፈልገው።

ሾፌር ዘማርቆስ

እዚህ ማርቆስ የጠየቅኳቸው ጋራዦች 54 የላቸውም። መዶሻ ነው የሚሉት። ሲሉንና ኩሽኔታውን ግን አግኝቻለሁ። ፓናርዱ ገብቷል፣ መሬት ላይ አውርደን ነው ያጠበቅነው። በ80 ሄጄ ያንኑ የድልድይ መጋጠሚያ አለፍኩበት። ትንሽ ነቅነቅ ይልና ራሱ ይቆማል። ፍጥነት መቀነስ አላስፈለገኝም። የቀረው የናክሉ ይመስለኛል። አላይመንቱንስ መቼ ላሠራው?

የአውቶ መምህር ፍኖተ ሰላም

ከናክሉ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ። ከዚያ በፊት ራስህ መለካት ትችላለህ። ሜዳ ላይ መኪናውን ወደ ፊት ገፍተህ አቁም። ከፊት ጎማዎቹ ጀርባ፣ በመሃላቸው ከፍታ ልክ፣ ጥርሱ ላይ በኖራ ምልክት አድርግና በሁለቱ ምልክቶች መካከል ለካ። ከዚያ ምልክቶቹ ከፊት በኩል እዚያው ከፍታ ላይ እስኪደርሱ ድረስ ወደ ፊት ግፋውና እንደገና ለካ። ወደ ኋላ አትግፋ። ልዩነቱ ቶው ነው። ከፊት ትንሽ ሚሊሜትር ቢጠብ እንጂ መስፋት የለበትም።

ከዚያ በኋላ መኪናው ቀጥ ሲሄድ መሪው ጠማማ ከሆነ ታይሮዱን አትንኩ። መሪው የሚቃናው ከሳጥኑ በሚወርደው ዘንግ ነው። ታይሮዱን ከነኩት የለካኸው ቶ ይበላሻል።

የቢቸና ልጅ

የእኔ የታችኛው ቦል ጆይንት ነበር፣ በግራ በኩል። ካፑ ተቀዶ ውስጡ አፈር ሆኗል። ብረት አስገብተው ሲገፉት በዓይን የሚታይ ክፍተት ነበረው። ስፕሪንጉም ደክሟል። ጆይንቱ በሁለቱም ጎን ተቀይሯል፣ ስፕሪንግ ከባህር ዳር እየመጣልኝ ነው። እሱ እስኪገባ መኪናው ቆሟል። አመሰግናለሁ መምህር።

መካኒክ ባህር ዳር

ዘማርቆስ፣ 54ቱ ቡሽላ እኔ ጋ አለ፣ መሳቢያ ሚዛኑም አለ። በዚህ ሳምንት ወደ ማርቆስ የሚመጣ ሾፌር ስላለ ሁለቱንም እልክልሃለሁ፤ ስትጨርስ በሱው መልስልኝ። ናክሉ ሲከፈት የቀለበቶቹን ፎቶ እዚህ ለጥፍልን። የቀኙንም አብራችሁ ክፈቱ፣ ያንኑ ጭቃ ነው የጠጣው።